የሊንከን ፓርክ ሣርና ከሥሩ ያሉት

ጎልደን ጌት ድልድይን አጥርተው ከሚያሳዩት የሳን ፍራንሲስኮ ቦታዎች አንዱ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ነው። ሊንከን ፓርክ ይባላል። የከተማው ንብረት ስለሆነ አባልነት አይጠይቅም፤ ማን አስተዋወቀህ የሚልህም የለም። ሰዓት ታስይዛለህ፣ ትከፍላለህ፣ ትጫወታለህ። የከተማዋ ነዋሪ ካርዱን አሳይቶ በቅናሽ ይገባል፤ እንደ እኔ ከኦክላንድ የሚሻገረው ትንሽ ይጨምራል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ይህን ያህል ውብ መሬት እንዴት እስከ ዛሬ የሕዝብ ሆኖ ሊቆይ ቻለ? ኮረብታው ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚያስገባው ጠባብ የባሕር በር አፋፍ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ብዙውን ጊዜ ይታጠራል፤ ወይ ሆቴል ይበቅልበታል፣ ወይ የባለጸጋ ቪላ ይሠራበታል፣ ወይ አባል ያልሆነ የማይረግጠው ክለብ ይሆናል። እዚህ ግን ጡረተኛው፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ የመጣችው ነርስ በአንድ መስመር ተራቸውን ይጠብቃሉ። ምክንያቱ ከሣሩ ሥር ነው። ቦታው መቃብር ነበር፤ ያውም የድሆችና የባዕዳን መቃብር።

ስለዚህ ቦታ ልጽፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው። ጎልፉን እወደዋለሁ፣ ስለ ጎልፉም እጽፋለሁ። ግን እዚያ ሜዳ ላይ ስለተጫወትኩት ጨዋታ ብቻ ጽፌ ባልፍ ግማሹን የደበቅኩ ይመስለኛል።

ጎልፍ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ዘመዴ አይደሉም፤ በዕድሜም በምክርም አባቴን የሚያህሉ የሰፈራችን ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ አካባቢ ነው ያደጉት፤ በልጅነታቸው የተጫዋቾችን ቦርሳ ተሸክመው፣ ኳስ ለቅመው ሳንቲም ያገኙ ነበር። ዱላ እንዴት እንደሚያዝ የተማሩት ሌላው ሲመታ እያዩ ነው። አሜሪካ መጥተው የራሳቸውን ዱላ እስኪገዙ ብዙ ዓመት አልፏል። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው እሺ እስካላቸው ድረስ ቦርሳቸውን ማንም እንዲይዝላቸው አይፈልጉም። «ልያዝልዎት ጋሼ» ስላቸው፣ «ተው ልጄ፣ የሰው ስሸከም ኖሬ የራሴን እንዴት አልሸከምም» ይሉኛል።

ሜዳው የሚጀምረው 34ኛ አቬኑና ክሌመንት ጥግ ላይ ነው። አጭር ነው። ፓሩ፣ ማለትም ጎበዝ ተጫዋች ሊጨርስበት የሚጠበቀው የምት ብዛት፣ 68 ሲሆን 18ቱ ጉድጓዶች ተደምረው 5,100 ያርድ ገደማ ይሆናሉ፤ ታላላቆቹ ውድድሮች የሚደረጉባቸው ሜዳዎች ከ7,000 ያርድ በላይ ናቸው። አጭርነቱ ግን አያታልል። መሬቱ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ እግርህን እኩል የምታሳርፍበት ደልዳላ ቦታ ብዙም አታገኝም። አንዱ ጫማህ ከሌላው ከፍ ብሎ፣ ኳሱ ከጉልበትህ ትይዩ ሆኖ ትመታለህ። ዙሪያውን ያሉት ትልልቅ ዛፎች የሞንተሬይ ሳይፕረስ ይባላሉ፤ አገራችን የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ናቸው። የባሕር ነፋስ ለዘመናት ወደ አንድ ወገን ገፍቷቸው ቅርንጫፋቸው ሁሉ ወደ ምሥራቅ የተበጠረ ነው። ጋሼ ነፋሱን የሚለኩት በእነሱ ነው። ሣር ነቅለው ወደ ላይ የሚበትኑ ተጫዋቾች አሉ፤ እሳቸው የዛፉን ጫፍ አይተው ዱላ ይመርጣሉ።

ያን ቀን ጠዋት ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር። ሐምሌ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ እንዲህ ናት፤ መሀል አገሩ በሙቀት ሲነድድ እዚህ ሹራብ ይለበሳል። ሁለት ሆነን ስለመጣን እንደ ደንቡ ከሌላ ሰው ጋር አጣመሩን። በዕድሜ ከጋሼ ጋር የሚቀራረብ፣ እዚያው ከተማ ተወልዶ ያደገ ቻይናዊ አሜሪካዊ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጫወትበት ስለኖረ ኳስ የት ወድቆ የት እንደሚንከባለል ያውቃል። የመጀመሪያዎቹን ጉድጓዶች የተጫወትነው አንዱ ለሌላው «ጥሩ መታህ» ከማለት የዘለለ ሳንነጋገር ነው። ሽማግሌዎቹ ተግባብተዋል። ኳስ በቁጥቋጦ ሲጠፋ አብረው ይፈልጋሉ፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ጥላውን እንኳ ከፊቱ ያነሣል። የዚህ ጨዋታ ጨዋነት የሚገባኝ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጫወቱት ሳይ ነው።

ከዛፎቹ መካከል ብቻውን የቆመ ግራጫ የድንጋይ ቅስት አለ። መንገድ የማያስገባ፣ ቤት የሌለው በር ይመስላል። ላዩ ላይ የቻይና ፊደል ተቀርጿል። ስንደርስ አብሮን የሚጫወተው ሰው ቦርሳውን አስቀምጦ ወደ ቅስቱ ሄደ። ኮፍያውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ፣ ተመለሰ። ጋሼ ምንም ሳይጠይቁ የራሳቸውንም አወለቁ። ከኋላችን ሌሎች ተጫዋቾች ይጠብቁ ነበር፤ ማንም አላጣደፈንም። ስንሄድ ሰውየው፣ «ኮንግ ቻው ነው» አለን። «የአገራችን ሰዎች እዚህ ተቀብረው ነበር። የተወሰዱ አሉ። የቀሩም አሉ።»

ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ይህን መሬት ለመቃብር የገዛችው በ1868 ነው፤ ስሙም የከተማ መቃብር ነበር። ስፋቱ 200 ኤከር ገደማ፣ 80 ሄክታር ይሆናል። ያኔ ከተማው እዚህ አልደረሰም። አሸዋና ነፋስ የሚያይልበት፣ ጭጋግ የማይለቀው ዳር ስለነበር ቤት ልሥራበት የሚል አልነበረም። በ1870 ቀብር ተጀመረ። አንዱ ክፍል ቀባሪ ላጣ፣ በሆስፒታል ለሞተ ድሃ፣ ስሙ ላልታወቀ ሬሳ ተተወ። ሌላው ለየማኅበሩ ተሸነሸነ። ጣልያኖች የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው፤ ፈረንሳዮችም፣ ስካንዲኔቪያኖችም እንዲሁ። ለመርከበኞችም ቦታ ተለይቷል፤ የመርከበኞች ወዳጅ የሴቶች ማኅበር ያቆመው የድንጋይ ሐውልት እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ሰፊ ድርሻ የነበራቸው ግን ቻይናዎቹ ነበሩ።

እነዚህ ማኅበራት ምን ነበሩ ቢባል እድር ነበሩ። ከአንድ አገር፣ አንዳንዴም ከአንድ ወረዳ የመጡ ሰዎች በየወሩ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ። ኮንግ ቻው ራሱ በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ አውራጃ ከሲንሁዪ አካባቢ የመጡ ሰዎች ማኅበር ነው። ቅስቱም ለሙታን መሥዋዕት የሚቀርብበት፣ ዕጣን የሚታጠንበት ቦታ ነበር። ይህን ሳነብ ከማውቀው ነገር ልለየው አልቻልኩም። ኦክላንድ ውስጥ እኛም ይህንኑ ነው የምናደርገው። ሰው ሲሞት ስልክ ይደዋወላል፤ ገንዘብ ያዥ ይጠራል፤ አንዱ ከቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ጋር ይነጋገራል፤ ሌላው የቆንስላውን ወረቀት ያስጨርሳል፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ከዚያ ሁሌ የሚነሣው ጥያቄ ይነሣል፦ እዚህ ይቀበር ወይስ አገር ይግባ?

ቻይናዎቹም ይህን ጥያቄ ያውቁታል። የእነሱ ልማድ ሬሳውን ለጊዜው ቀብሮ፣ ከዓመታት በኋላ አጥንቱን አውጥቶ፣ አጥቦ፣ በሣጥን አሽጎ ወደ ትውልድ መንደር መላክ ነበር። ማኅበራቱ ለዚህ ሥራ ሰው ይመድባሉ፣ ስም ይመዘግባሉ፤ መርከቡ ሆንግ ኮንግ ሲደርስ የቱንግ ዋ ሆስፒታል ተቀብሎ ወደየመንደሩ ያደርሳል። በ1882 የወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኞች አሜሪካ እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ቀድመው የገቡትንም ዜግነት ነፍጓል። በቁሙ ዜጋ መሆን የተከለከለ ሰው አጥንቱ አገሩ ቢገባለት መመኘቱ አይገርመኝም። ከከተማ መቃብር በሺህ የሚቆጠሩት በዚህ መንገድ ወጥተዋል። ሁሉም ግን አልወጡም።

በ1890ዎቹ የፌዴራሉ መንግሥት ለጦር ምሽግ ብሎ የመሬቱን አንድ ክፍል ወሰደ፤ ፎርት ማይሊ የሚባለው እሱ ነው። ከ1898 በኋላ ቀብር ቆመ። ከዚያም ከተማዋ በክልሏ ውስጥ ሰው መቅበርን ጨርሳ ከለከለች፤ ሙታን ወደ ደቡብ፣ ወደ ኮልማ ሄዱ። ኮልማ ዛሬ ነዋሪዋ ሁለት ሺህ የማይሞላ፣ በመቃብሯ ያረፈው ግን ከሚሊዮን በላይ የሆነ ትንሽ ከተማ ናት። በ1902 ጥቂት ጎልፍ ወዳዶች በመቃብሩ መሬት ላይ 3 ጉድጓድ አዘጋጅተው መጫወት ጀመሩ። መሬቱ በይፋ ለፓርክ የተሰጠው ከዚያ በኋላ፣ በ1909 ነው። በ1917 ሜዳው 18 ጉድጓድ ሞላ። የመቃብር ድንጋዮቹ ተነሡ፤ ሰዎቹ ግን አብዛኞቹ አልተነሡም። ዛሬም ከ10 ሺህ በላይ ሰው ከሣሩ ሥር እንዳለ ይታመናል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ኮረብታው አናት ላይ ያለው ነገር ነው። የጎልፍ ሜዳው መሀል ላይ ሊጅን ኦቭ ኦነር የሚባል ውብ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ፤ የተከፈተው በኅዳር 1924 ነው። የተሠራው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ 3,600 የካሊፎርኒያ ሰዎች መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ሙታንን ማክበር ትልቅ ነገር ነው፣ ሕንፃውም ያምራል። በ1990ዎቹ ግን የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ሊያጠናክሩት ከሥሩ ሲቆፍሩ በመቶዎች የሚቆጠር አጽም ወጣ። ለአንዱ ሙት ዓምድ ይቆምለታል፤ ለሌላው ሙት ዓምዱ በላዩ ላይ ይቆምበታል። ልዩነቱ ማን ነው የሚያስታውሰው የሚለው ብቻ ነው። የከተማ መቃብር ሙታን ድምፅ የሚሰጥ ልጅ፣ ጋዜጣ የሚጽፍ ዘመድ አልነበራቸውም። ብዙዎቹ ብቻቸውን የመጡ ወንዶች ነበሩ፤ ሚስትና ልጅ ባሕር ማዶ ቀርተዋል።

ታዲያ እዚያ መጫወት ተገቢ ነው? ጋሼን ጠየቅኳቸው። 13ኛው ላይ ይመስለኛል፤ ከፊታችን ያሉት እስኪጨርሱ ቆመን ነበር። ቶሎ አልመለሱልኝም። ዱላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ዛፎቹን ሲያዩ ቆዩና፣ «እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሕፃናት ሲሮጡ አላየህም?» አሉኝ። «መቃብሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዳቦ ይበላሉ፣ ቆሎ ይዘግናሉ። ማንም ሙታን ተደፈሩ አይልም። የእነማን አባት እዚያ እንደተኛ ሁሉም ያውቃላ! የሚከፋው መርገጡ አይደለም ልጄ፣ አለማወቁ ነው።» ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፣ «ሂድ ምታ፣ ተራህ ነው» አሉኝ።

እኔም ከዚያ ወዲያ የምስማማው በዚህ ነው። ሜዳው ይዘጋ የሚል ሐሳብ የለኝም። ቢዘጋ መሬቱ ለሙታኑ አይመለስላቸውም፤ ገንዘብ ያለው ይወስደዋል፣ ያኔ ደግሞ ድሃ ቁሞም ተቀብሮም አይደርስበትም። በ2022 ከተማዋ የከተማ መቃብርን በቅርስነት መዝግባዋለች፤ ለዚህም የለፉ የታሪክ ሰዎችና የቻይና ማኅበረሰብ አባላት ሊመሰገኑ ይገባል። እኔ የምመኘው ከዚያ ትንሽ የሚያልፍ ነገር ነው። ተጫዋቹ ሁሉ በሚቀበለው የነጥብ መጻፊያ ካርድ ጀርባ ላይ የድሮው መቃብር ካርታ ይታተም። የጣልያኖች ከየት እስከ የት፣ የቻይናዎች የት፣ የድሆች የት እንደነበር ሰው እያየ ይጫወት። ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አራት ሰዓት ሙሉ አንድ መሬት ላይ የሚመላለስ ሰው በማን ላይ እንደሚመላለስ የማወቅ ዕዳ አለበት ብዬ አምናለሁ።

17ኛው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ጭጋጉ ከፍ ብሎ ነበር። ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚመጣው ለዚህ ጉድጓድ ነው። ፓር 3 ነው፣ ርዝመቱ 240 ያርድ፤ በሜትር 220 ገደማ። በሌላ ሜዳ ፓር 3 ጉድጓድ እምብዛም እንዲህ አይረዝምም፤ በአንድ ምት ግሪኑ ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ባለበት አጭር ሣር ላይ፣ ማድረስ ለጎበዝ ጎረምሳም ፈተና ነው። የምትመታበት ቦታ ላይ ስትቆም በአንድ በኩል ገደል ነው፤ ከታች ባሕሩ፣ ማዶ የማሪን ኮረብቶች፣ በባሕሩ በር ላይ ደግሞ ቀዩ ድልድይ ከጫፍ እስከ ጫፉ። ቀይ ይባል እንጂ ቀለሙ ወደ ብርቱካን ያደላል። ማማዎቹ ከውኃው 227 ሜትር ከፍ ይላሉ፤ ያን ቀን ጫፋቸው ገና በደመናው ውስጥ ነበር። ከመርከብ ማስጠንቀቂያው የሚወጣው ወፍራም ድምፅ በየጥቂት ደቂቃው ይሰማል፤ በእግር ሥር ይንቀጠቀጣል እንጂ በጆሮ ብቻ የሚሰማ አይመስልም። ኮንቴይነር የጫነ መርከብ ከውቅያኖሱ ወደ ውስጥ እየገባ ነበር፤ ወደ ኦክላንድ ወደብ መሆኑ ነው።

ጋሼ ድራይቨራቸውን፣ ኳስ አርቆ የሚመታውን ረጅሙን ዱላ፣ አወጡ። ብዙ ሰው ለፓር 3 ድራይቨር ማውጣት ክብሩን የሚነካ ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን ርቀቱንና ጉልበታቸውን አስተያይተው የሚያስፈልገውን ያነሣሉ። የዛፎቹን ጫፍ አዩ። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ነበር። ኳሱ የሚቀመጥበትን ትንሽ ችካል፣ ቲውን፣ አፈሩ ውስጥ ተከሉ፤ ለመትከል ጎንበስ ሲሉ በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው ነው። ቀና ብለው አንድ ጊዜ ተነፈሱ። የእሳቸው አመታት ከመጽሐፍ የተማሩት አይደለም፤ ወገባቸው እምብዛም አይዞርም፣ ኃይሉ ሁሉ ከእጅ አንጓቸው ነው፤ የገና ዱላ ይዞ ያደገ ሰው አመታት ነው። ኳሱ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ወጣ። ገደል ገባ ስል ነፋሱ አንሥቶ መለሰው፤ ከግሪኑ ፊት አርፎ ሁለት ጊዜ ነጥሮ ተንከባለለና ሣሩ ባጠረበት ላይ ቆመ። ቻይናዊው ሰው እጁን ዘረጋላቸው። ጋሼ በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

ግሪኖቹ ፍጹም አይደሉም። ፖዋ የሚሉት ሣር ነው፤ ጠዋት በእኩል ታጭዶ ከሰዓት በኋላ እዚህም እዚያም ያብባል፣ ኳስ ያነጥራል። የሜዳው እንክብካቤም በባለጸጋ ክለብ ከተለመደው ጋር አይወዳደርም። ጋሼ ሁለት ጊዜ ገፍተው አስገቡ፤ ፓር ሆነላቸው። እኔ አራት ወሰደብኝ፣ ግን እውነቱን ለመናገር ከኳሱ ይልቅ መርከቡ ከድልድዩ ሥር ሲያልፍ ነበር የማየው። ቻይናዎቹ አጥንት ጭነው የወጡት በዚሁ በር ነው። ያኔ ድልድዩ የለም፤ የተከፈተው በ1937 ነው። ከመርከቡ ላይ ወደ ኋላ ያየ ሰው መጨረሻ ላይ የሚታየው ይህ ኮረብታ ነበር፤ ቀሪ ወገኖቹ የተኙበት።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ እድራችን አወራን። በየዓመቱ ወደ አዲስ አበባ የምንልከው ሬሳ እየቀነሰ፣ እዚሁ የሚቀበረው እየበዛ ነው። ልጆቻችን እዚህ ናቸው፤ መቃብሩን የሚጎበኙት እነሱ ናቸው፤ ይህ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ግን ዘመድ የሌለውም አለ። በጥገኝነት ጉዳይ ላይ እያለ የሞተ፣ ብቻውን ክፍል ተከራይቶ ሲኖር ያረፈ፣ እድሩ ገንዘብ አዋጥቶ የቀበረው። የእነዚህ ሰዎች ስም የት ነው ያለው? በገንዘብ ያዡ ደብተር ውስጥ፣ በወጪ መዝገብ ላይ «ለቀብር» ከሚለው ቃል አጠገብ። ደብተሩ ሲሞላ ይቀየራል፤ ገንዘብ ያዡም ይቀየራል። ጋሼ አንድ ሁለቱን በስም ያስታውሳሉ፤ መቃብራቸው የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆነ ግን እሳቸውም እርግጠኛ አልነበሩም።

በቀጣዩ ስብሰባ ሐሳቡን አቀረብኩ። እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ የቀበራቸው ሰዎች ሁሉ ራሱን የቻለ መዝገብ ይኑራቸው፦ ሙሉ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ፊደል፣ የአባትና የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ያረፉበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የመቃብሩ ስምና የቦታው ቁጥር፣ ከተቻለ ፎቶ። አንዱ ቅጂ በእድሩ፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ በመስጊዳቸው በኩል። አንዲት እናት ተነሥተው፣ ተልከው አገር የገቡትም ይጻፉ፣ ከዚህ መሄዳቸውም ታሪክ ነው አሉ፤ ተጨመረ። የድሮ ደብተሮቹን ገልብጦ ስሞቹን የማውጣቱን ሥራ እኔና ጋሼ ወስደናል። ቅጹን አዘጋጅቻለሁ። በሌላ ከተማ ያላችሁ የእድር ጸሐፊዎች ብትፈልጉት እልክላችኋለሁ፤ እናንተም ዘንድ ቀድሞ የተሠራ ካለ አሳዩኝ፣ ከእናንተ የምንወስደው አይጠፋም።